በአሮጌ የቴአትር አዳራሽ ጎን አዲስ ክንፍ መንደፍ፦ ከሥራው ያገኘሁት ተሞክሮ

በካናዳ በኦንታሪዮ ግዛት በአርክቴክትነት ስሠራ፣ ከቶሮንቶ ራቅ ብላ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ውስጥ ለቆመ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቴአትር አዳራሽ አዲስ ክንፍ ከነደፈው ቡድን ጋር ከመጀመሪያው ልኬት እስከ ርክክቡ ድረስ አብሬ ነበርኩ። ይህን ተሞክሮ የማካፍለው በአገር ቤትም ሆነ በውጭ ተመሳሳይ ሥራ ለሚገጥማቸው አርክቴክቶችና መሐንዲሶች፣ እንዲሁም ዕድሜ ጠገብ አዳራሽ በአደራ ለያዙ የቴአትር ቤት ኃላፊዎች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን «ዓ.ም.» ብዬ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ እንዲህ ያለ ክንፍ ሲነሣ ክርክሩ ወዲያው ወደ መልክ ይሄዳል፤ መስታወት ይሁን ጡብ፣ አሮጌውን ይምሰል ወይስ አይምሰል ይባላል። እኔ ግን ከመልክ የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ ይኸውም አዲሱ ክንፍ ከአሮጌው አዳራሽ ላይ የትኛውን ሸክም ያወርድለታል የሚለው ነው። አሳንሰሩን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃውን፣ የማሞቂያውንና የአየር ማናፈሻውን መሣሪያ፣ የዕቃ መጫኛና ማውረጃውን አዲሱ ክንፍ ከተቀበለ፣ የአዳራሹን ግድግዳ መቅደድ፣ ኮርኒሱን መብሳት፣ ወለሉን መቁረጥ አያስፈልግም። ካልተቀበለ ግን፣ ክንፉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ አዳራሹ ከውስጥ እየተሸራረፈ ያልቃል።

በኦንታሪዮ ብዙ ትንንሽ ከተሞች በዚያ ዘመን ተመሳሳይ ሕንፃ ሠርተዋል። ከታች የማዘጋጃ ቤቱ ቢሮዎች ይሆናሉ፣ ከላይ ደግሞ መድረክና ባልኮኒ ያለው አዳራሽ። ኦፔራ እምብዛም ባይታይበትም አዳራሹን ኦፔራ ሃውስ ይሉታል። የእኛም ሕንፃ ከዚሁ ወገን ነበር፤ የጡብ ግድግዳ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ የተለሰነ የኖራ ኮርኒስ፣ የእንጨት ጣሪያ፣ ወደ ላይ የሚያወጡ ሁለት ጠባብ ደረጃዎች። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ትርኢት ማየት አይችልም ነበር፤ ተዋንያን ልብስ የሚቀይሩት ከመድረኩ ጎን በሸራ በተጋረደች ጥግ ነበር፤ የትዕይንት ዕቃ ደግሞ ተመልካች በሚወጣበት ደረጃ በሰው ትከሻ ይወጣ ነበር።

እርሳስ ከማንሣታችን በፊት በሕንፃው ውስጥ የሚሠሩትን ሰዎች አነጋገርን። የአንድን አዳራሽ ችግር ከቦርዱ አባላት ይልቅ አስተናባሪዎቹ፣ የመድረክ ሠራተኞቹና የጽዳት ሠራተኞቹ ጠንቅቀው ያውቁታል። በዕረፍት ሰዓት የሴቶች መጸዳጃ ቤት ሰልፍ ደረጃው ላይ ደርሶ መተላለፊያውን እንደሚዘጋ፣ ፒያኖው ማውረጃ ስለሌለው መድረኩ ላይ እንደተቀመጠ ዓመታት ማስቆጠሩን፣ ማሞቂያው ሲነሣ የተዋናይ ድምፅ በባልኮኒው የኋላ ረድፍ እንደማይሰማ የነገሩን እነርሱ ናቸው። የክንፉ የክፍሎች ዝርዝር በአብዛኛው የወጣው ከዚህ ውይይት ነው። ከዚያ በኋላ ያስቀመጥነው ደንብ አጭር ነበር፦ ድምፅ የሚያወጣ፣ ውኃ የሚፈስበት ወይም ከባድ የሆነ ማንኛውም ነገር አዳራሹ ውስጥ አይገባም።

ለዚህ አስተሳሰብ አርአያ የሆነን ቶሮንቶ ውስጥ ያለው ማሲ ሆል ነው። በ1894 የተከፈተው ይህ የሙዚቃ አዳራሽ በ2018 ለእድሳት ተዘግቶ በ2021 እንደገና ሲከፈት፣ ኬ.ፒ.ኤም.ቢ. የተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ ከበስተደቡብ ባለ ሰባት ፎቅ ክንፍ ጨምሮለታል። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን በአሮጌው ግድግዳ ጎንና ጎን፣ ከውጭ በኩል፣ የተንጠለጠሉት በመስታወት የተሸፈኑ መተላለፊያዎች ናቸው። ድሮ ተመልካቹ የሚተራመሰው አዳራሹ ውስጥና በጠባቦቹ ደረጃዎች ላይ ነበር፤ አሁን በእነዚህ መተላለፊያዎች ዙሪያውን ይሄዳል። ለአሥርት ዓመታት ተሸፍነው የኖሩት ከመቶ በላይ ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶችም ታድሰው ብርሃን ያስገባሉ። በመተላለፊያው ውስጥ የሚሄድ ሰው አሮጌውን የጡብ ግድግዳ በክንድ ርቀት ያየዋል። በዚያው ከተማ ከ1913ና ከ1914 ጀምሮ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው የቆሙት የኤልጂንና የዊንተር ጋርደን ቴአትሮችም በ1989 ታድሰው ሲከፈቱ፣ አዲስ የመቆያ አዳራሽና የመድረክ ጀርባ ክፍሎች ተጨምረውላቸዋል። በነገራችን ላይ የዊንተር ጋርደን ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል በውኃ ቢነካ ስለሚለቅ፣ ያጸዱት ባልተጋገረ የዳቦ ሊጥ ቀስ እያሉ በመጥረግ ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ያለውን አዳራሽ ለቧንቧና ለሽቦ ብሎ መፈልፈል ምን ማለት እንደሆነ አንባቢው ያስበው።

ሕጉን በሚመለከት፣ በካናዳ የታሪካዊ ቦታዎች ጥበቃ መመዘኛ አንድ አዲስ ተጨማሪ ግንባታ ከአሮጌው ጋር የሚስማማ፣ ለአሮጌው የበታች የሆነና ከአሮጌው የሚለይ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከዚህም ሌላ አዲሱ ወደፊት ቢነሣ የአሮጌው መሠረታዊ ቅርፅ ሳይጎዳ መቅረት አለበት ይላል። ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተርም፣ በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። መስማማት፣ የበታች መሆንና መለየት የሚሉት ሦስቱ መስፈርቶች በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላሉ፤ በሥራ ላይ ግን እርስ በርስ ይጋጫሉ። በጣም እንዲስማማ ሲደረግ መለየቱ ይጠፋል፣ በጣም እንዲለይ ሲደረግ የበታችነቱ ይቀራል። እኛ ያገኘነው መውጫ እንዲለይ የሚደረገውንና እንዲስማማ የሚደረገውን ነገር መከፋፈል ነበር። የጡቡ ቁመትና የረድፎቹ መሥመር ከአሮጌው ጋር አንድ ሆኖ እንዲቀጥል አደረግን፤ ቀለሙ ግን ጠቆር ያለ፣ መስኮቶቹም ቅስት የሌላቸውና ጌጥ አልባ ሆኑ። ከመንገድ ማዶ ሲታይ ሁለቱ የአንድ ግቢ ሕንፃዎች ናቸው፤ ቀርቦ ላየው ግን የትኛው መቼ እንደተሠራ ማንንም አያሳስትም።

ቁመቱን የወሰነልን በረዶ ነው። ከፍ ያለ ሕንፃ ከዝቅተኛ ጣሪያ አጠገብ ሲቆም፣ ነፋሱ በረዶውን እየጠረገ ከዝቅተኛው ጣሪያ ላይ በግድግዳው ሥር ይከምረዋል፤ የክምሩም ክብደት ጣሪያው በተሠራበት ዘመን ከታሰበለት ጭነት በብዙ ሊበልጥ ይችላል። የካናዳ የግንባታ ደንብ መሐንዲሱ ይህን ክምር እንዲያሰላ ያስገድዳል። መጀመሪያ ከቀረቡት አማራጮች አንዱ ከአዳራሹ ጣሪያ ከፍ የሚል ክንፍ ነበር፤ የስትራክቸር መሐንዲሷ ስሌቷን ስታቀርብ ግን ያ አማራጭ ከተመረጠ የአዳራሹን ጣሪያ የተሸከሙትን የእንጨት ማዕቀፎች በሙሉ በብረት ማጠናከር እንደሚያስፈልግ፣ ለዚያም ኮርኒሱን ማፍረስ ግድ እንደሚሆን ተረዳን። ስለዚህ የክንፉን ጣሪያ ከአሮጌው የጣሪያ ጠርዝ በታች አወረድነው። አሁን በረዶው የሚከመረው በአዲሱ ጣሪያ ላይ ነው፤ አዲሱ ደግሞ ለዚያ ታስቦ የተሠራ ነው። ለአሮጌው የበታች ሁን የሚለው መመዘኛና የመሐንዲሷ ስሌት አንድ ቦታ ላይ በመገናኘታቸው የቅርስ ኮሚቴውን ማሳመን አልከበደንም። ችግር የፈጠረብን የአሳንሰሩ ዘንግ (አሳንሰሩ የሚወጣበትና የሚወርድበት ቀጥ ያለ ግንብ) ብቻ ነበር፤ አሳንሰር ከመጨረሻው ፎቅ በላይ ለደኅንነት የሚተውለት ባዶ ቁመት ስላለው ከጣሪያው ብቅ ማለቱ አይቀርም። ከዋናው መንገድ እንዳይታይና በአሮጌው ጣሪያ ላይ በረዶ እንዳያስከምር ከግድግዳው አርቀን በክንፉ የሩቅ ጫፍ አቆምነው።

ከመሬት በታች ያለው ነገር ከላይኛው የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሮጌው ሕንፃ መሠረት በኖራ የተያያዘ ያልተጠረበ ድንጋይ ነበር፤ ከጎኑ ጠልቆ መቆፈር ከሥሩ ያለውን አፈር ማላላት ነው። አሮጌውን መሠረት ከሥሩ በትንንሽ ክፍል እየቆፈሩና በኮንክሪት እየሞሉ ማጠናከር ይቻል ነበር። እኛ ግን የአዲሱን ምሰሶዎች ከአሮጌው ግድግዳ ወደ ሁለት ሜትር ገደማ ወደኋላ ስበን፣ ወለሎቹ ብቻ በካንቲሊቨር፣ ማለትም ጫፋቸው ከሥር ሳይደገፍ፣ ወደ ግድግዳው እንዲደርሱ አደረግን። ፓይሎቹም (ሕንፃውን ለመሸከም መሬት ውስጥ ጠልቀው የሚገቡት ምሰሶዎች) በመዶሻ ሳይሆን በመሰርሰር እንዲገቡ በውሉ ላይ አስጻፍን፤ የምት ንዝረት የኖራውን ኮርኒስ ከእንጨት ርብራቡ ላይ ሊያላቅቀው ይችላልና። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ስንጥቅ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መለኪያ ተለጥፎበታል። ይህ ለተቋራጩም ዋስትና ነው፤ በኋላ ስንጥቁ የድሮ ነው የአሁን ነው የሚል ክርክር አይነሣም።

ሁለቱ ሕንፃዎች የሚገናኙበትን በር የት እናድርግ በሚለው ላይ ብዙ ተወያየን። በአሮጌው የኋላ ግድግዳ ላይ፣ በመድረኩ ከፍታ፣ የጡቡ ረድፍ ከሌላው የማይገጥም ቁመተ ረጅም ቦታ ነበር። ከላዩ የጡብ ቅስት ነበረው፤ በውስጡ ያለው ጡብ ቀላ ያለ፣ የተያያዘበትም ሞርታር ግራጫና ጠንካራ ሲሚንቶ ነበር፤ በዙሪያው ያለው የመጀመሪያው ሞርታር ደግሞ በጥፍር ሲጫሩት የሚረግፍ ነጭ ኖራ። ድሮ የትዕይንት ዕቃ ከጓሮው መንገድ በገመድ እየተሳበ ወደ መድረኩ የሚገባበት በር ኖሮ ኋላ ተደፍኗል ማለት ነው። የደፈነውን ጡብ አንሥተን ያንኑ በር የዕቃና የተዋንያን መግቢያ አደረግነው፤ ፒያኖውም የሚገባውና የሚወጣው በዚያ ነው። ለተመልካቹ የሚሆኑትን በሮች ደግሞ ከነባሮቹ መስኮቶች ሁለቱን እስከ ወለል ዝቅ በማድረግ አገኘናቸው፤ ስፋታቸውን አልነካንም። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው፣ አዲስ ቀዳዳ ከማሰቡ በፊት ግድግዳውን ቀርቦ፣ በተለይም ፀሐይ በጎን በምትመታበት ሰዓት፣ ረድፍ በረድፍ እንዲያነበው ነው። የሌዘር ስካን ልኬት ጠቃሚ ነው፤ የሞርታርን ዓይነት ግን አይነግርም።

መጋጠሚያው ላይ የሚሠራው ዝርዝር ሥራ ከሁሉ ረጅሙን ጊዜ ወስዶብናል፤ መውሰድም ነበረበት። አዲሱ ጣሪያ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት መሥመር ላይ ውኃ እንዳይገባ የሚደረገው የብረት መሸፈኛ በግድግዳው ውስጥ መቀበር አለበት። መቀበሪያው የሚቆረጠው በጡቡ ላይ ሳይሆን በጡቦቹ መካከል ባለው ሞርታር ላይ ብቻ ነው፤ ሞርታር እንደገና ይሞላል፣ የተቆረጠ ጡብ ግን አይመለስም። ማያያዣ ብሎኖችም እንዲሁ ሞርታሩ ላይ ብቻ ይገባሉ። የሚሞላው ሞርታር ደግሞ እንደ ድሮው የኖራ መሆን አለበት፤ ከጡቡ የጠነከረ ሲሚንቶ ከተሞላ እርጥበቱ በሞርታሩ መውጣቱ ቀርቶ በጡቡ በኩል ይወጣል፣ በበረዶው ወራትም ሲቀዘቅዝ የጡቡን ፊት ይልጠዋል። ሌላው ጉዳይ ቀድሞ ውጭ የነበረው ግድግዳ አሁን ቤት ውስጥ መግባቱ ነው። ግድግዳው በሁለቱም በኩል ሲሞቅ ደኅና ነው፤ አንዱ ክፍሉ በሞቀው ክንፍ ውስጥ፣ ቀጣዩ በብርዱ ውስጥ በሚሆንበት ጠርዝ ላይ ግን ቅዝቃዜው በጡቡ ውስጥ እየተላለፈ የቤቱን እርጥበት ወደ ጠል ይለውጠዋል። በዚያ ጠርዝ ልስን ወይም እንጨት አላስጠጋንም፤ ጡቡ እንደተገለጠ ሆኖ አየር እንዲነካው ተውነው፤ ከሥሩም ሞቃት አየር የሚወጣበት ቀጭን ክፍተት አደረግን።

አዳራሽ የሚኖረው ለድምፅ ነው። የአኩስቲክስ (የአዳራሽ ድምፅ ጥናት) ባለሙያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባዶውን አዳራሽ በድምፅ ማጉያ ለክቶ፣ ድምፁ ከቆመ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይና ጸጥ ሲል የሚቀረው ጉምጉምታ ምን ያህል እንደሆነ መዘገበ፤ ከርክክቡ በፊትም በዚያው ቦታ እንደገና ለካ። ይህን መነሻ ልኬት ያላስያዘ ሰው በኋላ አዳራሹን አሻሻለው ወይስ ጎዳው ብሎ የሚናገርበት ማስረጃ የለውም። የአሳንሰሩ ሐዲድ የታሰረው በራሱ ዘንግ ላይ እንጂ ከአዳራሹ ጋር በሚዋሰን ግድግዳ ላይ አይደለም። መጸዳጃ ቤቶቹ በአንድ መተላለፊያ ተለይተው ይርቃሉ፤ ከክንፉ ወደ አዳራሹ የሚያስገቡት በሮችም ድርብ ሆነው በመካከላቸው ትንሽ ጨለማ ክፍል አላቸው፤ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ብርሃንም ሁካታም ይዞ እንዳይገባ ነው። የአየር መሣሪያው በክንፉ ምድር ቤት ስለተቀመጠ አየሩ በሰፊ ቱቦ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ የሚፈጥን አየር ያፏጫል። መውጫውን ፍለጋ ብዙ አልደከምንም፤ በኮርኒሱ መካከል በጋዝ መብራት ዘመን ሙቀቱ እንዲወጣ የተተወ ክብ ወንፊት ስለነበረ፣ ዛሬም አየሩ የሚወጣው በዚያው ነው። አዲስ ቀዳዳ በኮርኒሱ ላይ አልተበሳም።

የትዕይንት ዕቃ ከላይ የሚሰቀልበት ረጅም የመድረክ ማማ እንጨምር የሚል ጥያቄም ቀርቦልን ነበር። በጣሊያን ሚላኖ የሚገኘው የኦፔራ ቤት ላ ስካላ፣ በ1778 የተከፈተው የአርክቴክቱ የፒየርማሪኒ ሕንፃ፣ ከ2002 እስከ 2004 ሲታደስ ማሪዮ ቦታ የተባለው አርክቴክት ከነባሩ ፊት በስተኋላ አዲስ የመድረክ ማማና ሞላላ ሕንፃ አቁሞለታል። ብዙ ክርክር ያስነሣ ሥራ ነው። እኔ በበኩሌ ልክ ነበር እላለሁ፤ ምክንያቱም ያ ቤት ብዙ ትርኢቶችን እያፈራረቀ የሚያሳይ ስለሆነ ማማው የህልውናው ጉዳይ ነው። ጥቂት መቶ ሰው ለሚይዝና በአብዛኛው ሙዚቃና ንግግር ለሚቀርብበት አዳራሽ ግን ማማው ከጥቅሙ ጥፋቱ ይበልጣል፤ የከተማዋን የሰማይ መሥመር ይለውጣል፣ በአሮጌው ጣሪያ ላይም በረዶ ይከምራል። ባለቤቶቹ ይህን ተረድተው ሐሳቡን ተዉት።

መስታወትን በሚመለከት ከባልደረቦቼ ጋር እስከ መጨረሻው ያልተስማማሁበት ነገር አለ። አርክቴክቶች አሮጌና አዲስ ሕንፃ ሲያገናኙ መስታወት ይመርጣሉ፣ መስታወት አይታይም በሚል። ቀን ላይ ግን ሰማዩን እያንጸባረቀ ይታያል፤ ማታ ደግሞ፣ ቴአትር ቤት ሰው የሚመጣበት ጊዜ ማታ ነውና፣ እንደበራ ፋኖስ ሆኖ አሮጌውን ግድግዳ ያጨልመዋል። ተከራክሬ ያገኘሁት፣ መስታወቱ በመገናኛው ጠባብ ክፍል ላይ ብቻ እንዲሆንና የውስጥ መብራቱ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ አሮጌው ጡብ እንዲያመለክት ነው። አሁን ማታ ከመንገድ የሚታየው በመስታወቱ ውስጥ የበራው የድሮው ግድግዳ ነው።

የከተማው ነዋሪዎች ሥዕሉን ሲያዩ በጣም ከፍ ያለ መስሏቸው ተቃውመው ነበር። በስብሰባ ላይ ከመከራከር ይልቅ ክንፉ በሚቆምበት ቦታ፣ በአራቱ ማዕዘን፣ በትክክለኛው ቁመት ረጃጅም ምሰሶዎች አቁመን በላያቸው ደማቅ ጥብጣብ ወጠርን። ሰው በየዕለቱ እያለፈ አየው። ከማዶው ያሉ ባለ ሱቆች አንደኛው ማዕዘን የቤተ ክርስቲያኑን ማማ እንደሚሸፍንባቸው አሳዩን፤ እውነት ነበራቸውና ያን ማዕዘን ወደኋላ ሳብነው።

የሥራው ቅደም ተከተልም ለባለቤቱ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ክንፉ ተሠራ፤ ያኔ አዳራሹ በአሮጌ ደረጃዎቹ እያገለገለ ነበር። ክንፉ ሲያልቅ መጸዳጃው፣ ማሞቂያውና መውጫው ወደዚያ ተዛወሩ፤ አዳራሹ የተዘጋው ከዚያ በኋላ፣ ለወለሉ፣ ለወንበሩና ለልስኑ እድሳት ብቻ ነው። ገቢው በቲኬት ለሚተዳደር ቤት ይህ ልዩነት የመኖርና ያለመኖር ልዩነት ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ይህ ሁሉ እኛን ምን ያህል ይመለከተናል ብለው ይጠይቁኛል። በጣም ይመለከተናል። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ የተጀመረ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት አስፋፍቶት ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል በ1948 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። የሀገር ፍቅር ቴአትርም ማኅበሩ ከተመሠረተበት ከ1927 ዓ.ም. የሚቆጠር ታሪክ አለው። በእነዚህ ዓይነት ሕንፃዎች ላይ የሚታሰብ ማናቸውም ሥራ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. መሠረት ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ የቅርስ ባለሥልጣኑን ንድፉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ልኬቱ ሲጀመር ማማከር ይበጃል። በረዶ ስለሌለን ከላይ ያልኩት ስሌት አይመለከተንም ማለት አይደለም፤ በእኛ ዘንድ ቦታውን የሚይዘው የክረምት ዝናብ ነው። አሮጌው የቆርቆሮ ጣሪያ ወደ አዲሱ ግድግዳ የሚያዘቅዝ ከሆነ፣ በመካከላቸው ያለው አሸንዳ የሐምሌን ዶፍ ሁሉ ይቀበላል፤ ቅጠልና አቧራ ሲደፍነውም ውኃው የሚሄደው ወደ አዳራሹ ኮርኒስ ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን አዲሱ ከአሮጌው ጣሪያ ዝቅ ብሎ የራሱ አሸንዳ ከአሮጌው ርቆ ይኑረው፤ የማይቻል ከሆነም አሸንዳው ሰው ገብቶ ሊጠርገው የሚችል ሰፊ፣ ሲሞላም ወደ ውጭ የሚተፋ ማስተንፈሻ ያለው ይሁን። የመሬት መንቀጥቀጥንም ማሰብ ግድ ነው፤ ሁለቱ ሕንፃዎች በየራሳቸው እንዲወዛወዙ በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት በልስን መደፈን የለበትም።

ለባለቤቱ ያስረከብነው ሰነድ ከተለመደው ፕላን ሌላ የመጋጠሚያውን ሥዕል በትልቅ መጠን፣ የተጠቀምንበትን የኖራ ሞርታር ድብልቅ፣ የጡቡን አምራች፣ የስንጥቅ መለኪያዎቹን መዝገብ፣ ሁለቱን የድምፅ ልኬቶችና አሸንዳው የሚጠረግበትን የጊዜ ሰሌዳ የያዘ ነው። አንዱ ቅጂ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀምጧል፤ ሌላው በሕንፃው ውስጥ በጥገና ሠራተኛው ክፍል ይገኛል፤ ጣሪያው ላይ የሚወጣው እርሱ ነውና።